ሁለት ሆድ በአንድ ካርድ

ጦይባ የሞተችው በሀዋ ስም ነው። ሆስፒታሉ ደም ሳያዘጋጅ ያዋለዳት፣ ይዛው የገባችው ካርድ ላይ የደሟ መጠን አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ተብሎ ስለተጻፈ ነው። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንቱ የሀዋ ደም ነበር። የጦይባ ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር። ሁለቱንም ቁጥር ከማሽኑ ላይ ያነበበችው ሬሕማ ናት። አንዱን ካርዱ ላይ ጻፈችው፤ ለሌላው የሚሆን ካርድ አልነበረም።

ነገሩ ሲጀመር ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም። ጀብራ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ነፍሰ ጡሮችን በነፃ የሚያይ አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ አለ። በነፃ የሚያየው ግን ኢቃማ ያላትን ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት ከበር ትመለሳለች። ሀዋ ኢቃማ አላት። ካርቱም ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ተውፊቅ የራሱ ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ አለው፤ ጀብራ ላይ የተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከወሎ የመጣ ሁሉ ዓርብ ዓርብ የሚያርፍበት ነው። ጦይባ ደግሞ በመተማ በኩል በእግሯ የገባች፣ ወረቀት የሚባል ነገር የሌላት፣ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ እያደረች የምትሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ባሏ ሙሐመድአወል ወደ ሊቢያ ከወጣ አምስት ወሩ ነው። ከኩፍራ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ሀዋና ጦይባ የቃሉ ልጆች ናቸው፤ የአንድ ቀበሌ። ሁለቱ በሁለት ሳምንት ልዩነት አረገዙ።

«ካርዴ ለሁለታችን ይበቃል» አለች ሀዋ። «አንድ ጊዜ እኔ እሄዳለሁ፣ አንድ ጊዜ አንቺ ትሄጃለሽ። የሚሰጡንን እኩል እንካፈላለን። አብሽሪ።»

ክሊኒኩ ወረፋው ብዙ ስለሆነ አንዲትን ሴት የሚያያት በሁለት ወር አንድ ጊዜ ነው። እነሱም ዕቁብ እንደሚጣል ተራ ያዙ። ካርዱ ፎቶ የለውም። ጥቁር ዓባያ ለብሳ ፊቷን እስከ ዓይኗ የሸፈነች ነፍሰ ጡር ሀበሻ ከሌላዋ የምትለይበት ነገር ለክሊኒኩ ሰዎች አልታያቸውም። በአራተኛው ወር ሀዋ ሄዳ ተመዘገበች፤ ያን ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር ደም አልተለካም። በስድስተኛው ወር ጦይባ ሄደች። ሰባት ነጥብ አራት አመጣች።

ያኔ ሬሕማ ክሊኒኩ ከገባች አንድ ወሯ ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ተመርቃለች። ደሴ ላይ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሲለጠፍ እየሮጠች አንብባ፣ እየሮጠች አመልክታ፣ ሲሰለቻት መጣች። ክሊኒኩ የቀጠራት ለጽዳት ነው። የላቦራቶሪው ሰውዬ ሳዑዲ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ዋናዋ አዋላጅ ሲስተር ኢኽላስ «አንቺ ተምረሻል አይደል?» ብላ ጣት መውጋቱን ሰጠቻት። ደመወዟ የመጥረጊያዋ እንደሆነ ቀረ። የምታድረው ሀዋ ቤት ነው፤ ኪራይ አትከፍልም። ስለዚህ ጦይባ የሀዋን ካርድ ይዛ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ማክሰኞ ማክሰኞ አግዳሚው በሀበሾች ይሞላል። ሁሉም ቁጥራቸውን ይጠያየቃሉ።

«ስንት አመጣሽ?»

«ስምንት ተኩል።»

«ወደቅሽ በያ! እኔ ዘጠኝ ነኝ።»

«ማለፊያው ስንት ነበር?»

«አሥራ አንድ። ሬሕማን ጠይቂያት።»

«እሷማ ሁላችንንም ነው የጣለችን» አለች ለምለም የምትባለው የማዮ ሰፈር ሻይ ሻጭ። «ወላሂ እንዲህ ዓይነት አስተማሪ አይቼ አላውቅም። ሚኒስትሪ እንኳ እንዲህ አልከበደኝ።»

ይስቃሉ። ሬሕማ አትስቅም። ከምትወጋቸው ከየአሥሩ ጣቶች ስድስት ሰባቱ ከማለፊያው በታች ናቸው፤ ከማዮ፣ ከድሆቹ ሰፈር፣ የሚመጡት ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። ሲስተሯ «ፈግር ደም» ትላለች፣ የደም ድህነት እንደማለት ነው፤ ትላለች እንጂ አትደነግጥም። ለሁሉም የደረሰ ነገር በሽታ መባሉ ይቀራል። ዘጠኝ ያላት ሴት «ማሻአላህ» ተብላ ትሸኛለች፤ ሰባት ያላት ኪኒን ተሰጥቷት ትሄዳለች። ሬሕማ መጀመሪያ አካባቢ ሻይ በምግብ ላይ አትጠጡ፣ ኪኒኑን ይሽረዋል እያለች ትለፈልፍ ነበር። «ታዲያ በምን እንዋጠው? በሥጋ ወጥ?» አለቻት ለምለም። ከዚያ ወዲህ መለፍለፉን ተወችው።

ለሰባት ነጥብ አራቱ ክሊኒኩ በቀን ሁለት የሚዋጥ የብረት ኪኒን ሰጠ፤ ለሁለት ወር መቶ ሃያ። ዓርብ ዕለት ሀዋና ጦይባ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ስድሳ ስድሳ ተካፈሉት።

«ይሄ ለሷ የተሰጠ ነው» አለች ሬሕማ። «እቴ ሀዋ፣ ሙሉውን ስጫት። አንቺ ፊትሽ ደህና ነው፣ አያስፈልግሽም።»

«እንዴት አያስፈልገኝም? እኔ ሆድ ውስጥ ያለው ድመት ነው?»

«ተይ ሬሕሚ» አለች ጦይባ። «ካርዱን አበድራኝ ኪኒኑን ልከልክላት? ደግሞ ሲያቅለሸልሸኝ ነው የሚውለው፤ ቢበዛ ደስ አይለኝም።»

እኩል ተካፈሉ። ክሊኒኩ ለአንድ ደም ያዘዘው ለሁለት ደም ሆነ፤ ለአንዷ ትርፍ፣ ለሌላዋ ምንም።

በስምንተኛው ወር ተራው የሀዋ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ገባች፣ ሬሕማ ጣቷን ወጋች። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት። ካርዱ ላይ ከሰባት ነጥብ አራቱ ሥር ጻፈችው። ሲስተር ኢኽላስ ሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ አይታ እጇን አጨበጨበች።

«እዩ! ኪኒኗን የምትውጥ ሴት ይቻት!» ብላ አግዳሚው ላይ ላሉት አሳየቻቸው። «ከሰባት ወደ አሥራ ሁለት! እናንተ ደግሞ ለዶሮ ስጡት።»

ሀዋ አንገቷን ደፋች። ሲስተሯ ኪኒኑን አቆመች፤ የወሊድ ወረቀቱን ሞላች። የሆስፒታሉን ስም፣ የቀን ግምቱን ጻፈችና ከታች «መደበኛ ወሊድ፣ ደም አያስፈልግም» ብላ ማኅተሙን መታችበት። ወረቀቱን ከካርዱ ጋር በሽቦ ያያዘችው ሬሕማ ናት። ሽቦውን ስትመታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ «ቀጣይ!» አለች።

ዓርብ ጦይባ ለዕረፍት ቀኗ ጀብራ መጣች። ከረክሻው ወርዳ የግቢውን በር እስክታልፍ ሁለት ጊዜ ቆመች። በእጇ የፕላስቲክ ኩባያ ይዛለች፣ በረዶ የሞላበት። ቁጭ ብላ ትቆረጥመው ጀመር።

«ምንድነው ይሄ ደግሞ?» አለች ሬሕማ።

«በረዶ። አምሮኝ ነው። መደም ፍሪጁን ጨረሽው ብላ ትጮኻለች፤ ልጆቿ ጁስ የሚጠጡበት አጡ። ሌሊት እንኳ ተነስቼ ነው የምበላው። ወላሂ ከሥጋ ይበልጥብኛል።»

ሬሕማ ይህን በደንብ ታውቀዋለች፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ፈተና መጥቶባታል። ብረት ያለቀባት ሴት በረዶ ያምራታል፣ አፈር ያምራታል። የጦይባን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አየች። ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ወረቀት ነው። ክሊኒኩ ዓርብ ዝግ ቢሆንም ጠዋት ከፍታ የምትጠርገው እሷ ስለሆነች ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ይዛት ሄደች። ማሽኑ ስድስት ነጥብ ሁለት አለ። ሌላ ጣት ወጋች። ስድስት ነጥብ አንድ።

«ወደቅሁ?» አለች ጦይባ እየሳቀች።

«ዝም በይ።»

«ምነው? ሰባት አልነበርኩ? አንድ ብቻ እኮ ነው የቀነሰው።»

«ስትወልጂ ስንት የሚፈስሽ ይመስልሻል? ሌላዋ ሴት ያን ያህል ፈስሷት ተነስታ ትሄዳለች። አንቺ የሚፈስ የለሽም። ደም ሳይዘጋጅልሽ ምጥ ከያዘሽ ትሞቻለሽ፤ ገባሽ?»

ጦይባ ሳቋን ዋጠች። «ታዲያ ካርዱ ላይ አርመሽ አትጽፊውም?» አለች።

ካርዱ የሀዋ ነው። አንድ ሴት በሦስት ቀን ውስጥ ከአሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ወደ ስድስት አትወርድም። ሬሕማ ይህን ብትጽፍ ሲስተሯ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል ትላለች፣ ወይ ነገሩ ይገባታል።

ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ነገረቻት። በሩን ዘግታ፣ ቆማ፣ ባላት ዓረብኛ ሁሉ። ሲስተር ኢኽላስ መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አጨበጨብኩላት እኮ» አለች። «በሰው ፊት አጨበጨብኩላት። ይሄ ካርድ የባስ ትኬት መሰላችሁ?»

«ኢቃማ የላትም። ያለ ኢቃማ አትቀበሏትም።»

«ማነው ያለሽ?»

«በር ላይ ይመልሷቸዋል።»

ሲስተሯ ሬሕማን ክንዷን ይዛ ወደ መግቢያው ወሰደቻት፤ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመቻት። «አንብቢው!»

ሬሕማ ዓረብኛ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ያን ወረቀት ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አቧራውን ጠርጋለታለች።

ሲስተሯ አነበበችላት። «ደሟ ከስምንት በታች የሆነች ነፍሰ ጡር፣ ወይም በስምንተኛ ወር ያለች፣ ወይም ደም የፈሰሳት፤ ድንገተኛ ናት፤ ወረቀት አትጠየቅም።» ከዚያ ወደ ሬሕማ ዞረች። « በሰባት ነጥብ አራቱ ጊዜ በራሷ ስም ብታመጫት ኖሮ ያን ቀን የራሷን ካርድ አወጣላት ነበር።»

ሲስተሯ ተቆጥታ አልቀረችም፤ ወዲያው አዲስ ካርድ አወጣች። «ጦይባ» ብላ ጻፈች፤ «ስድስት ነጥብ ሁለት»፤ ከዚያ «ሁለት ከረጢት ደም ከወሊድ በፊት»። ማኅተሙን ግን አልመታችበትም።

«ነገ ሁለቱንም ይዘሽልኝ ነይ። የመጀመሪያው ካርድ ባለቤት ራሷ ቀርባ 'ሁለት ነን' ብላ ትፈርምልኝ፤ ያለዚያ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይዞ ደም ሊወስድ መጣ ነው የሚሉኝ።»

«የሀዋስ ካርድ?»

«ይሰረዛል። ደንቡ ነው። የበጎ አድራጎቱ ዋና ቢሮ ሌላ እንዲሰጣት እጽፍላታለሁ፤ መቼ እንደሚመልሱ አላውቅም።»

ሀዋ ማታውን ይህን ስትሰማ ሩዝ እየለቀመች ነበር። መልቀሟን አላቆመችም።

«አልፈርምም» አለች።

«እቴ ሀዋ፣ ልጅቷ ትሞታለች።»

«አላህ ያውቃል የሚሞተውን። አንቺ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው? አራት ወር? እኔ ማዮ ጨርቅ ላይ ሁለት ቀን አምጬ ሬሳ የወለድኩ ሴት ነኝ። አዋላጂቷ በጥርሷ ክር እየበጠሰች 'ግፊ' ስትለኝ ነበር። ይሄን ካርድ ያገኘሁት ሦስት ዓመት ተሰልፌ ነው። ልውለድ አንድ ወር ሲቀረኝ ልሰረዝ? እዚያው ጨርቅ ላይ ልመለስ?»

«አንቺ ደምሽ ሙሉ ነው። የትም ብትወልጂ...»

«የትም ውለጂ አልሽኝ?» ሀዋ ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ሆድ አታውቂ፣ ምጥ አታውቂ፤ ቁጥር ታውቂያለሽ። ያበላኋት እኔ፣ ያስገባኋት እኔ፣ ካርዴን የሰጠኋት እኔ። አሁን ገዳይ ልታደርጊኝ ነው?»

ተውፊቅ ከበሩ ላይ ሆኖ ጫማውን እያራገፈ ሲያዳምጥ ነበር። «ያላ፣ ነገ እናየዋለን» አለ። «ኢንሻአላህ ሁሉም ይስተካከላል።» ተውፊቅ ለማንኛውም ነገር የሚለው ይህንኑ ነው።

ሬሕማ የዚያን ዕለት አንድ ሐሳብ መጥቶላት ነበር፤ ካርዱን ሀዋ ስትተኛ መውሰድና ራሷ ይዛው መሄድ። አላደረገችውም። ያደረችበትን ቤት ሰርቃ መውጣት ከበዳት። ጦይባን ጠዋት ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ እንድትመጣ በስልክ ነገረቻት፤ ስትደርስ ሀዋን ልታስጠራት፤ ሀዋ ጦይባን ፊት ለፊት ስታያት ልቧ ይራራል ብላ አሰበች። ካርዱን ሀዋ እጅ ያስቀረው ይህ፣ ከሁሉም የባሰው ስሌቷ ነበር።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ጦይባ አልመጣችም። አራት ሰዓትም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ሬሕማ በየመሐሉ ጣት ትወጋለች፤ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አሥር፣ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሀዋ ደወለች።

«ጠዋት ምጥ ያዛት» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው። «ግቢ ስታጥብ። መደሟ እኔ ጋ ደወለች። ተውፊቅን በረክሻው ላኩት። ካርዴን ሰጥቼዋለሁ፤ ያለ ካርድ አያስገቧትም ብዬ። ሬሕሚ፣ ብዙ እየፈሰሳት ነው አለኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ? አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ካርዱን ከሰጠኋት ምን ጎደላት ብዬ ነው!»

ለሀዋ ይህ ደግነት ነበር፤ ሬሕማ በኋላም አልተጠራጠረችውም። የሰጠቻት ያላትን ትልቁን ነገር ነው። ማታ አልሰጥም ያለችውን ጠዋት ላይ ሰጠች፤ እሱም ገደላት።

ሬሕማ ሆስፒታሉ ስትደርስ ተውፊቅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ሞቶ ነው የተወለደው። ሬሕማ የተረኛዋን ነርስ እጅጌ ያዘች።

«ደም ያስፈልጋታል። ስድስት ነው ያላት።»

ነርሷ ካርዱን ገለበጠች። «አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ይላል። መደበኛ ወሊድ።»

«ካርዱ የሷ አይደለም!»

«ታዲያ እሷ ማናት?» ነርሷ ወደ ተውፊቅ ዞረች። «ባሏ አይደለህም? ይቺ ሴት ማናት?»

የሆስፒታሉ በር ላይ ፖሊስ ቆሟል። ያን ሰሞን ሀበሻ የሚለቀምበት ከሻ ስለነበረ፣ ወረቀት የሌላትን ሴት በሰው ካርድ ያስገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ተውፊቅ ያውቃል። ሬሕማን አየ፣ ነርሷን አየ።

«ሚስቴ ናት» አለ። «ሀዋ።»

ነርሷ ባልየውን አመነች። ያባከኑት ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ የደም ግፊቷ ወረደና ማንም ካርድ የሚያነብ ጠፋ፤ ደም አምጡ፣ ሁለት ሰው ይስጥ ተባለ። ሬሕማ ክንዷን ዘረጋች። ከረጢቱ ሲሞላ ታየዋለች፤ ጥቁር ቀይ፣ ወፍራም። የራሷን ቁጥር ታውቀዋለች፤ አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ። ተመርምሮ፣ ተስማምቶ፣ ተለጥፎበት ወደ ክፍሉ ሲገባ ጦይባ አልጠበቀችውም። የዐስር አዛን ገና አላለቀም ነበር።

የሞት ወረቀቱ ላይ ተውፊቅ ባል ብሎ ፈረመ። የጀብራ ሀበሾች ጦይባ መሆኗን እያወቁ የተውፊቅን ሚስት ቀበሩ፤ ሰው ለሱ «ያጥናህ» አለው፤ እሱም «አሚን» አለ። ቃሉ ላሉት እናቷ የደወለላቸው የለም። ምን ብሎ ማን ይደውል?

ማክሰኞ የወሩ ሪፖርት መውጫ ነበር። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምትሞላው ሬሕማ ናት። ደማቸው የተለካ ነፍሰ ጡሮች ስልሳ ሦስት። ከአሥራ አንድ በታች የሆኑ አርባ አንድ። የሞቱ፣ አንድ። ከቅጹ ጎን ሆስፒታሉ የላከው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ተቀምጧል፤ ሀዋ፣ አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት። ስለዚህ የሞተችዋ ከአርባ አንዱ ውስጥ አይደለችም። ወረቀቱን ያየ ሰው፣ ደም ማነስ በዚህ ወር ማንንም አልገደለም ብሎ ይደሰታል። ሬሕማ ብዕሯን አስቀመጠች። ሲስተር ኢኽላስ ሁለት ቀን ቀርታለች፤ ታማለች ተብሏል። መሳቢያው ውስጥ ማኅተም ያልተመታበት የጦይባ ካርድ አለ። አወጣችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም።

ማታ ቤት ስትገባ ሀዋ ብቻዋን ናት፤ ተውፊቅ ሥራ ወጥቷል። ለቅሶ የመጣው ሰው ተበትኗል። ሀዋ ሆዷን ደግፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ሬሕሚ፣ ቁጭ በይ።»

«ደክሞኛል። ቆሜ እሰማለሁ።»

«ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ቀኔ እየቀረበ ነው አይደል? መዝገቡን አዩና 'ይቺ ሴት ወልዳ ሞታለች' አሉኝ። ኢቃማዬን አሳየኋቸው። ሳቁብኝ፤ 'የሟቿን ኢቃማ ማን ሰጠሽ?' አሉኝ። ሮጬ ወጣሁ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በሕይወት እያለሁ ሞቻለሁ።»

«ነገ ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ተውፊቅስ? ሚስቴ ናት ብሎ ፈርሟል። ያስሩታል።»

«ሊያስሩት ይችላሉ።»

ሀዋ፣ ለረጅም ጊዜ አስባበት እንደቆየች በሚያሳውቅ ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ሲስተሯ ለጦይባ ካርድ ጽፋላት ነበር ብለሽኛል» አለች።

ሬሕማ ካርዱ ያለበትን ቦርሳ ወደ ጎኗ ሳበችው።

«ማኅተሙ ያለው እናንተ ክፍል ነው። ወረቀት አትጠየቅም ብለሽኛል፤ ድንገተኛ ናት ብለሽኛል። ለሷ ከንግዲህ ምን ያደርግላታል? እኔ በሱ ብገባ ማን ይጎዳል? ደሙም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።»

«ያንቺ ደም ስድስት አይደለም።»

«ቢተርፍ ምን አለ? ቢተርፍ ይሻላል እንጂ።»

«ያ ደም የሌላ ሴት ነው» አለች ሬሕማ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የምትጠብቀው ሌላ ሴት አለች። ነገ ከነገ ወዲያ የምትመጣ፤ ስድስት ያላት። አንቺ በሷ ካርድ ተኝተሽ፣ እሷ በሌላ ሰው ካርድ ቆማ ደጅ ትጠብቅ?»

«እኔ የማላውቃትን ሴት ለምን ታመጪብኛለሽ?»

«አርባ አንድ ናቸው። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ታዲያ ልጄስ? የኔ ልጅስ ማን ያውቀዋል?» ሀዋ ተነሳች፤ መነሳት ከብዷት አልጋውን ይዛ። «ሁሉንም በኔ ላይ ጣሉት። ባሌ ዓይኔን አያየኝም። ጎረቤት ሻይ አልጠጣም ይለኛል። እሺ፣ እኔ አልፈረምኩም። አንቺስ? ሰባት ስታመጣ ጣቷን የወጋሽው ማነው? ኪኒኑን ስንካፈል ቁጭ ብለሽ ያየሽው ማነው? እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ እኩል ከተካፈልን ደህና መስሎኝ ነው። አንቺ ታውቂ ነበር። ከቤቴ እንዳላስወጣሽ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው። ሐሰት በይኝ!»

ሬሕማ ሐሰት አላለቻትም። ጥግ ላይ ከተዘረጋው ፍራሿ ሥር ሻንጣዋን ሳበች፤ ሁለት ልብስ፣ ዲፕሎማዋ ያለበት ፕላስቲክ፣ የስልክ ቻርጀር። ሌላ ዕቃ አልነበራትም።

«የት ልትሄጂ ነው? በዚህ ከሻ?»

«ሲስተር ኢኽላስ ቤት። ዛሬውኑ ሁሉንም አስጽፋታለሁ፤ ስሟን፣ ቁጥሯን፣ የወጋሁበትን ቀን። ዝም ማለቴንም።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ሕያው ናት እላቸዋለሁ። ቀሪውን ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ መጥተሽ በአፍሽ ተናገሪ። ከመጣሽ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«ባልመጣስ?»

ሬሕማ ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሀዋ አንድ ጊዜ ስሟን ጠራች፤ ሁለተኛ አልጠራችም። ሬሕማ ወጣች፤ የቆርቆሮውን በር ከኋላዋ ዘጋችው።